ያዕቆብ ብሩስና የዋጊኖስ ሥር

ከአንኮበር አምባ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ደጋውን ለቆ ወደ ቆላው ሲቃረብ ከአሊዩ አምባ ይደርሳል። የሸዋ ነገሥታት በአንኮበር በነበሩበት ዘመን ይህች የገበያ ከተማ የአገሩ የባሕር በር ነበረች ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከተጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በፋሪ በኩል የመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው፣ አርጎባው፣ አፋሩና አማራውም ተገናኝቶ የሚገበያየው ከዚሁ ላይ ነበር። በ1841 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ኮርንዋሊስ ሐሪስ የተባለው መኮንን የመራው የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጓድ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የቀረበው በዚሁ መንገድ ነው። ከጓዱም መካከል ዕፀዋትንና እንስሳትን የሚሰበስበው ሊቅ ሮት ይገኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም መጥቶ በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ ሲቀመጥ፣ ሌላውን የሚያክመው ሐኪም ራሱ በንዳድ እየተያዘ ከመኝታው ሳይነሣ የሰነበተበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

እነዚህ ሁሉ የመጡት አንድ ሌላ ሰው ከሰባ ዓመት በፊት ከከፈተው በር ነው። የዚያ ሰው መጽሐፍ ኢትዮጵያን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋውቋል። ሰውየው ሸዋን በዓይኑ አላየም፤ አሊዩ አምባንም አልረገጠም። ይሁን እንጂ ስሙ በኢትዮጵያ ደኖች ዳር በሚበቅል አንድ መራራ ዛፍ ላይ ቀርቶ፣ ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ግድም በኋላ የካንሰርን መድኃኒት በሚፈልጉ ኬሚስቶች ጠረጴዛ ላይ እንደገና ሊነሣ ችሏል። ይህም ሰው በአገሩ ጄምስ ብሩስ፣ በጎንደር ደግሞ ያዕቆብ የተባለው ስኮትላንዳዊ ነው።

ጄምስ ብሩስ ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ ኪናርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ ተልኮ በሐሮ ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ እንዲያጠና ቢደረግ ልቡ ለሕግ አልገዛ አለ። በ1754 ዓ.ም. አድሪያና አለን የተባለች የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አገባ። ዓመት ሳይሞላም ሚስቱ በሳምባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ቁመቱ ከስድስት ጫማ ያለፈው፣ ጸጉሩ የቀላው፣ ቁጣው ቶሎ የሚነሣው ይህ ጎልማሳ ከዚህ በኋላ በአንድ ቦታ ተረጋግቶ የተቀመጠበት ጊዜ አይታወቅም። ለወይን ጠጁ ንግድ ወደ ስፔንና ፖርቱጋል ሲመላለስ የዐረብኛ መጻሕፍትን ማየት ጀመረ። በ1758 ዓ.ም. አባቱ ሲሞት ርስቱን ወረሰ። በርስቱ ውስጥ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል በአቅራቢያው ለተቋቋመው ለካሮን የብረት ፋብሪካ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ለጉዞው የሚበቃ ገንዘብ ከዚያ አገኘ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የተከፈለው በከሰል ዋጋ ነው ማለት ነው።

በ1763 ዓ.ም. በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። በዚያ ሳለ ዐረብኛውን አጠናከረ፤ ከመርከብ ሐኪሞችም ቁስል ማከምንና ደም ማውጣትን ቀሰመ። ከዚያ በሰሜን አፍሪካ ፍርስራሾች፣ በፓልሚራና በባልቤክ ሲዞር፣ በአሌፖ የሚሠራው ሐኪም ፓትሪክ ራስል ስለ ምሥራቅ በሽታዎችና ስለ መድኃኒታቸው አስተማረው። እንግዲህ ብሩስ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ከዚህም ከዚያም የለቀመ ሰው ነበር። በዛሬው ደንብ ቢመዘን የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አይገኝም። የሆነ ሆኖ ነፍሱን ደጋግሞ ያዳነችው፣ ከነገሥታቱም ፊት ያቀረበችው ይህችው የተለቀመች ዕውቀት ናት።

በ1765 ዓ.ም. ከቦሎኛ ከተማ የመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ተቀላቀለው። ባሉጋኒ እጁ የረቀቀ፣ ጠባዩ ዝምተኛ ነበር። ፍርስራሹንም፣ ወፉንም፣ ቅጠሉንም እየሣለ፣ የአየሩን ሙቀትና የመንገዱን አቅጣጫ በየቀኑ እየመዘገበ ከብሩስ ጋር ተጓዘ። ሁለቱ ከግብፅ ተነሥተው ቀይ ባሕርን አቋርጠው በመስከረም 1769 ዓ.ም. ምጽዋ ገቡ። በየካቲት 1770 ዓ.ም. አጋማሽም ጎንደር ደረሱ።

ጎንደር በዚያ ወራት በፈንጣጣ ተይዛ ነበር። ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ ቢቀመጡም ሥልጣኑ በሽማግሌው በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በቁስቋም ቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸው ሲታመሙ ያዩ ነበር። ብሩስ ሐኪም ነው ተብሎ ስለ ተወራ ገና ጓዙን ሳያራግፍ ወደ ቁስቋም ተጠራ። የሠራው ሥራም ቀላል ነው። ታፍኖ የነበረውን ቤት መስኮቱንና በሩን አስከፈተ፤ ወለሉን በውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤ አጨሰ፤ በሽተኞቹንም ከጤነኞቹ ለየ። ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት በእጁ አልነበረም፤ በዓለምም አልነበረም። አንዳንዶቹ ሞቱ፤ ሌሎች ተረፉ። ከተረፉትም መካከል የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ኮንፉ ነበር። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌይቱ ልጅና የራስ ሚካኤል ባለቤት እንደ መሆናቸው፣ ብሩስ ከዚያች ቀን ጀምሮ በጎንደር የሚጠጋበት ጥግ አገኘ። ንጹሕ አየርና መለየት የሚሉት ሁለት ነገሮች ከብዙ ሥራ ሥር የበለጠ ሠርተዋል ማለት ይቻላል።

በዚያው በጎንደር ቆይታው ከሸዋ ጋር ያገናኘው አንድ አጋጣሚ ነበር። ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አምኃ ኢየሱስ ከሸዋ ፈረሰኞች ጋር ወደ ጎንደር መጥተው ወዳጅ ሆኑት። ስለ ነገሥታት ታሪክ የሚናገር መጽሐፍም ከሸዋ እንዲያስመጡለት ለመናቸው። ከአሊዩ አምባ በላይ ያለችውን አንኮበርን መናገሻ አድርገው ያቀኑት እኒሁ አምኃ ኢየሱስ መሆናቸውን የሸዋ ትውፊት ይናገራል። ሐሪስንና ጆንስተንን የተቀበሉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም የእሳቸው የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው።

በኅዳር 4 ቀን 1770 ዓ.ም. ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ ከምንጩ ጠጣ። ይህ በሕይወቱ ከሁሉ የሚበልጥ ቀን ነው ብሎ ያምን ነበር። ሆኖም ከእርሱ በፊት በ1618 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ከዚያው ቦታ መድረሱ የታወቀ ነው። ብሩስ ይህን አጥብቆ ካደ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስለ ባሉጋኒ የጻፈው ነው። ሠዓሊው ከምንጩ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ተረከ። የባሉጋኒ የገዛ እጅ ማስታወሻ ግን ሠዓሊው በግሽ ከብሩስ ጎን ቆሞ እንደ ነበር ይመሰክራል። ባሉጋኒ የሞተው ከዚያ ተመልሰው ጎንደር ከገቡ በኋላ በ1771 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። የገደለውም ተቅማጥ፣ ያውም ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ነበር። ዕድሜው ገና ሠላሳ አራት አልሞላም።

ብሩስ የሥዕሎቹን ብዛት የራሱ የእጅ ሥራ አስመስሎ ማሳተሙ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የተረጋገጠ ነው። ዋናዎቹ ሥዕሎች በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ። ስለ ብሩስ ጀግንነት የሚጻፈው ሁሉ ይህን ማለፍ የለበትም።

በ1771 ዓ.ም. በግንቦት ወር በሰርባቁሳ የተደረገው ጦርነት የራስ ሚካኤልን ኃይል ሰበረ። ብሩስ ወዳጆቹ እየተበተኑ፣ ጤናውም እየደከመ ሲሄድ፣ በታኅሣሥ 26 ቀን 1771 ዓ.ም. ጎንደርን ለቆ በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ወረደ። በደጋውና በሱዳን ወሰን መካከል ያለው ራስ አል ፊል የተባለው ቆላ፣ ቀደም ሲል ሹመቱ ለእርሱ የተሰጠበት አውራጃ ነበር። በዚያ ሆር ካካሞት በምትባል መንደር ሰነበተ። ባሉጋኒን የገደለው በሽታም እዚያ ያዘው። ከአውሮፓ ያመጣው መድኃኒት አልረዳውም። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንገባለን።

የአካባቢው ሰዎች ለዚህ ሕመም የሚያውቁት አንድ ዛፍ ነበር። ስሙ ዋጊኖስ ይባላል። የሥሩን ልጥ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ዱቄቱን ለበሽተኛው ይሰጣሉ። ብሩስም ወሰደ፤ ዳነም። በመጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ስለ ዛፉ ሲጽፍ በቆላው ደም ተቅማጥ በበረታበት ስፍራ መድኃኒቱም አብሮ መብቀሉን እንደ ፈጣሪ ቸርነት አድርጎ ይተረጉመዋል። ባሉጋኒ ከሞተ ዓመት አልሞላም ነበር። ዋጊኖስ በቆላ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ዛፍ አይደለም። በወይና ደጋና በደጋ ደኖች ዳርም የሚታይ፣ ቅጠሉና ቅርንጫፉ ጸጉር የለበሰ፣ የማይረዝም ዛፍ ነው። ጎንደር ላይ ሠዓሊው ሲያጣጥር መድኃኒት የተባለው ነገር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ ላይርቅ ይችል ነበር። የሚያውቀው ሰው አልተጠየቀም።

ብሩስ የዋጊኖስን ዘር በጓዙ ቋጠረ። ከሆር ካካሞት ወደ ስናር ወረደና ለወራት ያህል እንደ እስረኛ ቆየ። የኑቢያን በረሓ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አልቀውበት ጓዙን ሁሉ በአሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ ተመልሶም የጣለውን አገኘው። ከዚያ ጓዝ መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ግልባጮችና ሌሎች የግዕዝ መጻሕፍት ነበሩ። ዘሩም አብሮ ተረፈ። በ1773 ዓ.ም. ካይሮ ሲደርስ እግሩ ውስጥ በገባው የጊኒ ትል ይሠቃይ ነበር።

ዘሩ በለንደን አጠገብ ባለው በኪው የአትክልት ስፍራ በቀለ። በ1779 ዓ.ም. ጆን ፍሬድሪክ ሚለር የተባለው ሠዓሊ ዛፉን በሥዕልና በጽሑፍ ሲያወጣው ብሩሴያ አንቲዲሰንቴሪካ የሚል የሳይንስ ስም ተሰጠው። ትርጉሙም የብሩስ፣ የተቅማጥ መድኃኒት ማለት ነው። ኮሶንም በአውሮፓ ካስተዋወቁት አንዱ ይኸው ብሩስ ሲሆን፣ እርሱ ለወዳጁ ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ክብር ያወጣለት ስም ግን አልጸናም።

የለንደን ሰው ለብሩስ የጠበቀውን ክብር አልሰጠውም። ከሕያው ከብት ሥጋ ሲቆረጥ አየሁ ያለውን፣ የጎንደርንም ግብር አበላል ሲተርክ የሰሙት ሊቃውንት ሳቁበት። ሳሙኤል ጆንሰን ተጠራጠረው። ባሮን ሙንካውዘን በተባለው ውሸታም ስም ከሚታተሙት ቀልደኛ መጻሕፍት አንዱ ለእርሱ መታሰቢያ ተብሎ ወጣ። ኩሩው ሰው ተቆጥቶ ወደ ኪናርድ ገባና በሩን ዘጋ። ሁለተኛ ሚስቱ ሜሪ ደንዳስ በ1785 ዓ.ም. ከሞተች በኋላ ሐዘኑን ለመርሳት መጻፍ ጀመረ። ከጉዞው ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1790 ዓ.ም. አምስቱ ቅጾች ታተሙ። በሚያዝያ 27 ቀን 1794 ዓ.ም. እንግዶቹን ሲሸኝ አንዲት ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊያደርስ ሲቻኮል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በረሓን፣ ጦርነትንና ወረርሽኝን ያመለጠ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ቀረ። የተቀበረው በላርበርት ነው፤ በዚያ የቆመው ሐውልትም ከካሮን ፋብሪካ በወጣ ብረት የተሠራ ነው።

ከሞቱ በኋላ የስሙ ዕጣ ለመድኃኒት ቀማሚ ሁሉ ሊታወስ የሚገባው ነው። በአሥራ ስምንተኛው ምእተ ዓመት ፍጻሜ ከደቡብ አሜሪካ አንጎስቱራ የሚባል የንዳድ መድኃኒት የሆነ ልጥ ወደ አውሮፓ ይገባ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከዚሁ ልጥ ጋር የተደባለቀ፣ መልኩ የሚመስል፣ ነገር ግን ሰው የሚገድል ሌላ ልጥ ተገኘ። ሐሰተኛው አንጎስቱራ ተባለ። ምንጩ ምንድን ነው ሲባል፣ የብሩስ ዛፍ ልጥ ነው ብለው ሊቃውንቱ ወሰኑ። በ1819 ዓ.ም. ፔሌቲዬና ካቫንቱ የተባሉት ዝነኞቹ የፈረንሣይ ፋርማሲስቶች ከዚያ ልጥ አንድ መርዛማ አልካሎይድ አውጥተው ብሩሲን ብለው ሰየሙት። በኋላ ሲጣራ ግን ልጡ የዋጊኖስ ሳይሆን ስትሪክኒን የሚገኝበት የእስያው የስትሪክኖስ ዛፍ ልጥ ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ ታረመ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ብሩሲን እስከ ዛሬ በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው በዚያ ዛፍ ስም ነው፤ በዛፉ ውስጥ ግን ብሩሲን የለም።

በአገራችንም ስሕተቱ ሩቅ አይደለም። ዋጊኖስ በብዙ ስፍራ አባሎ ይባላል። ይሁንና በሌላ ስፍራ አባሎ ሲባል ከእርሱ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ዛፍ ነው። ከገበያ የመጣን ሥር በስሙ ብቻ አምኖ የሚቀምም ሰው ሐሰተኛውን አንጎስቱራ የሸጡትን ነጋዴዎች ይመስላል።

በ1960 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከግብርና መሥሪያ ቤት ጋር ተባብሮ የዓለምን ዕፀዋት ለካንሰር መድኃኒት መመርመር ጀመረ። ከኢትዮጵያም ናሙናዎች ተሰበሰቡ። እነዚህን ናሙናዎች ካጠኑት ኬሚስቶች ዋናው በመጀመሪያ በዊስኮንሲን፣ ኋላም በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሞሪስ ኩፕቻን ነው። ይህ ሰው በ1976 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከኢትዮጵያ ዕፀዋት ያገኘው ነገር በጣም የሚያስደንቅ ነው። በ1968 ዓ.ም. ከአንድ የግራዋ ዘመድ ቬርኖሌፒን የተባለውን ውሁድ፣ በ1972 ዓ.ም. ከአጣጥ ወገን ሜይታንሲንን፣ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ከዋጊኖስ ብሩሴያንቲንን አወጣ። ብሩሴያንቲንን ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ዛፉ በኢትዮጵያ ለካንሰር ሕክምና የሚውል መሆኑን በጥናቱ ጠቅሶ ነበር።

ይህ አባባል ግን በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። በአገራችን ባህላዊ ሕክምና ነቀርሳ የሚለው ቃል የሚሸፍነው ብዙ ነው። ሳምባ ነቀርሳ የተባለው ካንሰር ሳይሆን በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ማንም ያውቃል። ያበጠ ዕጢ፣ የማይድን ቁስል፣ አንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ባለ መድኃኒቱ ለነቀርሳ ይሆናል ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ የአውሮፓው ሊቅ ካንሰር ብሎ ሲተረጉመው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ከዚህ የተዛባ ትርጉም እውነተኛ የካንሰር ውሁድ መገኘቱ ዕድል ነው ወይስ የቀደመ ዕውቀት፣ ለመፍረድ ያስቸግራል።

ብሩሴያንቲን የሚሠራው ሕዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም በመያዝ ነው። ፕሮቲን የማይሠራ ሕዋስ አያድግም፤ ፈጥኖ የሚያድገው የካንሰር ሕዋስ ደግሞ ቀድሞ ይጎዳል። የደም ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ውጤቱ ከፍ ያለ ስለ ነበር ተስፋው ገነነ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሰዎች ላይ ተሞከረ። በሽተኞቹ ግን ብርቱ ትውከት ያዛቸው፤ የደም ግፊታቸውም ወረደ። በተስፋፋ የጡት ካንሰርና በሜላኖማ ላይ ዕጢው ሲቀንስ አልታየም፤ ሙከራውም ቆመ። መራራው ሥር የካንሰር ሕዋሱን ሲመታ በሽተኛውንም አብሮ መታው።

ያኔውኑ በ1982 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ጥናት ግን ለያዕቆብ ብሩስ ፈረደለት። ብሩሴያንቲን የአሜባን ተቅማጥ የሚያመጣውን ተሐዋሲ በቤተ ሙከራ ውስጥ አጥብቆ የሚገድል ሆኖ ተገኘ። ሆር ካካሞት ላይ የተሰጠው ዱቄት ባዶ እምነት አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ዝም ተብሎ ቆየ። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተጣለውን ውሁድ አንሥተው በማይሎማ ላይ ሞከሩት። ማይሎማ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚነሣ ካንሰር ነው። የታመመው ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ሲበዛ አጥንት የሚያፈርሱትን ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። አጥንቱም እንደ ምስጥ እንደ በላው እንጨት ይቦረቦራል፤ በሽተኛው በወገብ ሕመም ይሠቃያል፤ ምንም ሳይወድቅ አከርካሪው ወይም የጎን አጥንቱ ይሰበራል። ተመራማሪዎቹ የሰው ማይሎማ ሕዋስ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ብሩሴያንቲን ሲሰጡ፣ ገና የጀመረውም ሆነ ያደገው ዕጢ ቀነሰ። ነገሩ ከአይጥ አልፎ የመድኃኒት ፈቃድ እስከ ማግኘት አልደረሰም። በሌላ ካንሰር ላይ የወደቀ ውሁድ አጥንት በሚበላው ካንሰር ላይ የተለየ ጠባይ ማሳየቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

ማይሎማን ከአጥንት ከራሱ ከሚነሡት ካንሰሮች መለየት ያስፈልጋል። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የሚያድጉ ልጆችንና ወጣቶችን በጉልበት አካባቢ ይይዛል። ሌላው የዩዊንግ ሳርኮማ የሚባለው ነው። በዚህ በሁለተኛው ሕክምና ውስጥ ከዕፅ የተገኙ ሁለት መድኃኒቶች ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው፤ እነርሱም ከማዳጋስካር አበባ የወጣው ቪንክሪስቲን እና ከአሜሪካ ደን ዕፅ ከተገኘ ውሁድ የተሠራው ኤቶፖሳይድ ናቸው። እንግዲህ ከዕፅ የወጣ ውሁድ ለአጥንት ካንሰር ይጠቅማል ማለት ሕልም አይደለም። ነገር ግን ውሁዱ ከሥር ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ መጠኑ ተለክቶ እንጂ ተወቅጦ በኩባያ ተሰጥቶ አይደለም። የገጠር ወላጅ የልጁ ጉልበት ሲያብጥበት አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ወለምታን ሊመልስ ይችላል፤ ያበጠ ጉልበት ሁሉ ግን ወለምታ አይደለም። በዕሸት የሚያልፈው ወር ዕጢው ወደ ሳምባ የሚዛመትበት ወር ሊሆን ይችላል። ዋጊኖስን በግምት መጠጣትም እንዲሁ ነው፤ በሆስፒታል ተለክቶ የተሰጠው እንኳ ያስመለሰ ነገር በቤት ሲጠጣ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ አያዳግትም።

የአጣጡ ሜይታንሲንም መጀመሪያ ከዋጊኖስ ጋር አንድ ዕጣ ደርሶት ነበር። በሰው ላይ ሲሞከር መርዙ በዝቶ ተጣለ። በኋላ ግን የእርሱ ተወላጅ የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ አካል ጋር ተያይዞ፣ በ2013 ዓ.ም. ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። መርዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚደርስበት ቦታ ነው። ለብሩሴያንቲንም ይህንኑ መንገድ የሚያስብ ቢኖር አይፈረድበትም።

ኩፕቻን ናሙናዎቹን ሲያጠና የኢትዮጵያን ዕፅ ወደ ውጭ የሚወስድ ሰው የሚገዛበት ሕግ አልነበረም። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ብሩስ ከጎንደር ከወጣ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎ ነበር። በአንኮበር ወረዳ ሕዝቡ የሚጠቀምባቸው የመድኃኒት ዕፀዋት ተመዝግበው ጥናቱ የታተመው ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ነው። ሐሪስ፣ ሮትና ጆንስተን በአሊዩ አምባ በኩል ከወጡበት ዘመን አንሥቶ ሲቆጠር አንድ መቶ ሰባ ዓመት ሞልቶታል።

የዋጊኖስ መድኃኒትነት ያለው በሥሩ ልጥ ነው ስለሚባል ቆፋሪው ሥሩን ይነቅላል፤ ሥሩ የተነቀለ ዛፍም አይተርፍም። ዛፉ በሳይንስ መዝገብ እስከ ዛሬ ብሩሴያ ነው። ሆር ካካሞት ላይ ሥሩን ቆፍሮ ልጡን ያደረቀው ሰው ስም በአምስቱም ቅጾች ውስጥ ቢፈለግ፣ በዛፉ ስም ላይ አልገባም።